ጭጋጉ ሳይቀድማችሁ፦ ፓራናፒያካባን ለመጎብኘትና የብራዚል ምግብ ለመቅመስ ዝርዝር መመሪያ

ከሳኦ ፓውሎ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ደጋው አልቆ ምድሩ ወደ ሳንቶስ ወደብ ገደል ሆኖ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ፣ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፓራናፒያካባ አለች። ስሟ በቱፒ ቋንቋ «ባሕር የሚታይበት ቦታ» ማለት ነው። ችግሩ ባሕሩ አብዛኛውን ቀን አይታይም። ከባሕር የሚነሣው እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጭጋግ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ከምሳ በኋላ መጥቶ መንደሯን በደቂቃዎች ይውጣታል። ስለዚህ የቀኑ ቅደም ተከተል አንድ ነው፦ ዕይታ በጠዋት፣ ምሳ በጊዜ፣ ሙዚየም ከሰዓት በኋላ። ይህን የገለበጠ ሰው ነጭ ግድግዳ አይቶ ይመለሳል።

መንደሯ እዚያ ለምን ተተከለች

ምክንያቱ ቡና ነው። ከኛ ምድር የወጣው የአረቢካ ቡና በሳኦ ፓውሎ ደጋ ሰፊ እርሻ ሆኖ ነበር፤ ወደ ሳንቶስ የሚወርደው ግን በበቅሎ ጀርባ ነበር። «ሳኦ ፓውሎ ሬልዌይ» የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከሳንቶስ እስከ ዡንጂያይ 139 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ዘርግቶ በ1867 እ.ኤ.አ. ሥራ አስጀመረ። ከዚያ ሁሉ መንገድ ከባዱ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ገደሉ ነበር። ተራ ባቡር ስለማይወጣው ፉርጎዎቹ በብረት ገመድ ይጎተቱ ነበር። ገመድ፣ ማሽንና ፍሬን ሌት ተቀን የሚጠብቅ ሠራተኛ ደግሞ ቤት ያስፈልገዋል፤ መንደሯ ያ ቤት ናት። ድሬዳዋን፣ በተለይ ከዚራን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል፦ መንገዱ በቀጥታ የተሰመረ፣ ቤቱ በሥራ ደረጃ የተደለደለ፣ ሁሉም ነገር ለባቡሩ ሲባል የቆመ።

የኩባንያው የ90 ዓመት ውል በ1946 አልቆ መስመሩ ወደ መንግሥት ዞረ። የሳንቱ አንድሬ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ መንደሯን በ2002 ገዛት።

ቀን መምረጥ

ቅዳሜ ወይም እሑድ ሂዱ። በሥራ ቀን መንደሯ ጸጥ ስለምትል ፎቶ ለሚያነሣ ሰው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ብዙ ምግብ ቤቶች ዝግ ናቸው፣ ሙዚየሞቹም ላይከፈቱ ይችላሉ። ሰኞን ከነጭራሹ ተዉት። በሐምሌ የክረምት ፌስቲቫል አለ፤ ሙዚቃ ለሚወድ ጥሩ ነው፣ መንደር ለማየት ለሚመጣ ግን ሰልፍ ብቻ ነው። የሐምሌው ክረምት የነሱ ብርድ እንጂ የኛ ዝናብ አይደለም፤ ኃይለኛው ዝናብ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው። አካባቢው በዓመት ከ3000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ አዲስ አበባ የምታገኘው 1200 ገደማ መሆኑን አስቡ። ለዕይታ የተሻለው ከሚያዝያ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁም ከሚያዝያ 2025 ወዲህ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ አስቀድማችሁ ማውጣት አለባችሁ፤ «ለአሜሪካዊ ነጻ ነው» የሚለው ወሬ አርጅቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሳኦ ፓውሎ ጓሩልዮስ ያርፋል። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ፤ መንደሯ ያለችው ጫካ ውስጥ ነው።

ወደ መንደሯ ስትሄዱ የሚያዘው ጥቂት ነው። ዝናብ የማያስገባ ቀላል ጃኬት ያዙ፤ ዣንጥላ ነፋሱ ይገለብጠዋል። ከሥር ሹራብ ልበሱ። ጫማው ሶሉ የሚቆነጥጥ ይሁን፤ የድንጋይ ንጣፉና የጣውላ ደረጃው ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ቆዳ የምትነክስ ትንሽ ጥቁር ዝንብ ስላለች የነፍሳት መከላከያ ቅባት አትርሱ። ጥሬ ገንዘብም በትናንሽ ኖት ያዙ። ብራዚላውያን በስልክ «ፒክስ» በሚባል ዘዴ ይከፋፈላሉ፤ እሱ የአገሩን የባንክ ሒሳብ ይጠይቃል። የካርድ ማሽን ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋ አይሠራም፣ በጭጋጋማ ቀን መጥፋቱ የተለመደ ነው።

መንገዱ

ሦስት አማራጭ አለ።

የመጀመሪያው የቱሪስት ባቡሩ፣ «ኤስፕሬሱ ቱሪስቲኩ» ነው። አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ከሉስ ጣቢያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በብራዚል አቆጣጠር 8:30 ይነሣል፤ 48 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሄዶ መንደሯ ውስጥ ያወርዳችኋል፣ በ16:30 ይመልሳችኋል። ትኬቱ ቀድሞ ያልቃል፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ግዙ። የሚሄድበትንም ቀን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ። ሉስ ጣቢያ ራሱ በ1901 በዚያው የእንግሊዝ ኩባንያ የተከፈተ ስለሆነ 20 ደቂቃ ቀድሞ ደርሶ ጣሪያውን ቀና ብሎ ማየት አይቆጭም። ስልካችሁን ግን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ፤ በመሐል ከተማ መንጠቅ የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ርካሹ ነው፣ ሁልጊዜም አለ። ከሉስ ወይም ከብራስ በመስመር 10 እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። የመስመሩ ቀለም ቱርኩዋዝ ነው። የመጨረሻው ጣቢያ ሲጻፍ በ«ር» ይጀምራል፣ ድምፅ ማጉያው ግን «ሂዩ ግራንጂ ዳ ሴሃ» ነው የሚለው፤ «ሪዮ ግራንዴ» የሚል ጥሪ እየጠበቃችሁ አትቀመጡ። ባቡሩ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከጣቢያው እንደወጣችሁ ግንባሩ ላይ ፓራናፒያካባ የሚል አውቶቡስ ፈልጉ፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት የመመለሻውን ሰዓት ሹፌሩን ጠይቁ፣ ሰሌዳ ካለም ፎቶ አንሡት። ሰው የሚቸገረው በመሄዱ ሳይሆን በመመለሱ ነው፤ በሰንበት አውቶቡሱ ይራራቃል።

ሦስተኛው መኪና ነው። በአንሼታ አውራ ጎዳና ወጥታችሁ በኢንጂዩ ቺቢሪሳ መንገድ ትታጠፋላችሁ፣ ከዚያ በመንገድ ቁጥር 122 ትገባላችሁ። ከጨለመ በኋላ በጭጋግ መንዳት ስላለ አንመክረውም።

ጠዋት፦ ከላይ ወደ ታች

በአውቶቡስ የመጣ ሰው የሚወርደው በላይኛው ሠፈር ነው። ይህ የኩባንያው አልነበረም፤ ነጋዴውና ጡረተኛው በፖርቱጋሎች ወግ የሠራው ነው፦ ጠባብ፣ ባለ ቀለም፣ ግንብ ለግንብ የተያያዘ ቤት፣ አናቱ ላይ የቦን ዤዙስ ቤተ ክርስቲያን። ሰማዩ ጥርት ካለ ወደ ታች ከመሮጥ መጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቆማችሁ እዩ። የታችኛው ሠፈር ከነሐዲዱ፣ ከነጣሪያው የሚታየው ከዚህ ነው፤ ጭጋግ ከወደቀ በኋላ ይህን ማግኘት አይቻልም።

ከዚያ የብረቱን የእግረኛ ድልድይ ተሻገሩ። ሐዲዱን በእግር መሻገር አይሞከርም፤ የቆመ የሚመስለው መስመር ዛሬም የጭነት ባቡር ያልፍበታል። ድልድዩ ላይ ቆም ብላችሁ ወደ ታች ተመልከቱ፦ የሰዓቱ ማማ አለ፤ የለንደኑን ቢግ ቤን ያስታውሳል ይሉታል። አሮጌው ጣቢያ በ1981 ሲቃጠል ሰዓቱ ተርፏል።

ታችኛው ሠፈር የእንግሊዞቹ ነው። ቤቶቹ ከጣውላ ናቸው፣ ከመሬት ከፍ ብለው የተሠሩ፣ እርጥበቱ እንዳይበላቸው። ስትሄዱ በሮቹን ቁጠሩ። አንድ ጣሪያ ሥር ብዙ በር ካለ የተራ ሠራተኛ ነው፤ ሁለት በር ካለ የተሻለ ሹም፤ ዙሪያውን ግቢና በረንዳ ካለው ኢንጂነር። ያላገቡ ሠራተኞች የሚያድሩበት ረጅም ቤት ለብቻው አለ። ዋናው ኢንጂነር የኖረበት «ካስቴሊንዩ»፣ ትንሹ ቤተ መንግሥት፣ ከሁሉም በላይ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል፤ መስኮቶቹ ጣቢያውንም፣ ወርክሾፑንም፣ የሠራተኛውን ደጅም ያያሉ። ዛሬ ሙዚየም ነው። የተሠራበት ሐሳብ የሚገባው ከውስጥ ሆኖ በእያንዳንዱ መስኮት ሲያዩ ስለሆነ፣ ይህን ሙዚየም ብቻ ለከሰዓት አታቆዩት፤ ጭጋግ ካለ መስኮቱ ምንም አያሳይም።

ባሕሩን ለማየት የፈለገ ሰው ወደ ናሴንቺስ ፓርክ መሄድ አለበት። የመመልከቻው የእግር መንገድ የሚኬደው ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ነው፤ መንደሯ እንደደረሳችሁ በጎብኚዎች ማእከል ጠይቁ፣ ቦታም ያዙ። ጥርት ባለ ጠዋት ከታች ያለችውን ኩባታውን የተባለች ከተማ፣ ከሷም ወዲያ የባሕሩን ዳርቻ ታያላችሁ። የተተወውን የገመድ ሐዲድ ይዞ ቁልቁል መውረድ ግን በጥብቅ የተከለከለ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚያማምሩ ፎቶዎች አሉ፤ ፎቶው የማያሳየው የሐዲዱ አግዳሚ እንጨት መበስበሱን፣ ከድልድዩ ሥር ያለውን ገደል፣ መሐል መንገድ ላይ የሚወርደውን ጭጋግ ነው።

ማሽኑን ማንበብ

የገመዱ ሙዚየም የጉዞው ልብ ነው፣ ግን ሥራው ካልገባ የዛገ ብረት ክምችት ይመስላል። ሁለት ሥርዓት ነበር። የ1867ቱ ገደሉን በአራት ደረጃ ከፍሎ በየደረጃው ራስ ላይ አንድ ትልቅ የእንፋሎት ሞተር አቆመ። አንዱ ባቡር ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ የሚወርደው ክብደት የሚወጣውን ያግዛል፣ ሞተሩ የጎደለውን ይጨምራል። ቡናው እየበዛ ሲሄድ ይህ አልበቃም። በ1901 ሁለተኛው መስመር በአምስት ደረጃ ተከፈተ። የዚህኛው ገመድ ጫፍ የለውም፤ እንደ ወፍጮ ቀበቶ እየዞረ ይኖራል።

እዚህ ላይ «ሎኮብሬኪ» የተባለውን ትንሽ ማሽን ፈልጉ። ስሙ ሎኮሞቲቭና ፍሬን የሚሉት ቃላት ጥምር ነው። ጎንበስ ብላችሁ ሆዱ ሥር እዩ፤ መቆንጠጫ አለ። ያ መቆንጠጫ የሚዞረውን ገመድ አንቆ ይይዛል፣ ገመዱ ማሽኑን ይጎትታል። ሎኮብሬኪ ሁልጊዜ ከፉርጎዎቹ በስተታች ነው የሚቆመው፦ ሲወጣ ከኋላ ይገፋል፣ ሲወርድ ከፊት ሆኖ ይመክታል። ከላይ ቢሆንና ማያያዣው ቢበጠስ ፉርጎው ብቻውን ይሄዳል፤ ከታች ከሆነ ግን የሚሄድበት የለውም።

የመጀመሪያው መስመር በ1974 ጥርስ ባለው ሐዲድ ተተካ፣ ሁለተኛው በ1980ዎቹ ቆመ። ዛሬ በገደሉ የሚወጡትና የሚወርዱት የስዊዘርላንዱ ሽታድለር የሠራቸው የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች ናቸው፤ በድልድዩ ላይ ትንሽ ከታገሣችሁ ታዩአቸዋላችሁ።

ምሳ

በብራዚል 11:45 ላይ ቁጭ በሉ። 13:00 ሲሆን ሰልፉ በረንዳ ይደርሳል፣ በሰልፍ ያለፈው ሰዓት ደግሞ ከጠራው ሰማይ የተቆረጠ ነው።

ምግብ ቤቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። በኪሎ የሚሸጠው «ፖር ኪሉ» ይባላል፦ ሳህን ታነሣላችሁ፣ ራሳችሁ ትቀዳላችሁ፣ ሚዛን ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ወረቀት ወይም ካርድ ይሰጣችኋል። ያ ወረቀት «ኮማንዳ» ይባላል፤ የጠጣችሁት ሁሉ እሱ ላይ ይጻፋል፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። ኮማንዳ የጣለ ሰው ቅጣት ይጠየቃል፣ ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት። ለአዲስ ሰው ይህ ዓይነቱ ይሻላል፤ ምግቡን አይቶ ይመርጣል፣ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይቀምሳል። ሁለተኛው በዝርዝር የሚታዘዝበት ነው። የብራዚል አንድ ትእዛዝ ለሁለት ይበቃል፤ ከማዘዛችሁ በፊት «ሴርቪ ኳንታስ ፔሶአስ?» በሉ፣ ለስንት ሰው ነው ማለት ነው። ሒሳቡ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ቢጨመር አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው፣ በፈቃድም ነው።

የአገሪቱ ትልቁ ማዕድ «ፌይዡአዳ» ነው፦ ጥቁር ቦሎቄ በጨው ካደረ የበሬ ሥጋ፣ ከቋሊማ፣ ከአሳማ ጎድን፣ ብዙ ጊዜም ከአሳማ ጆሮና እግር ጋር ለሰዓታት የተቀቀለ። በሸክላ ድስት ይመጣል። አጠገቡ ነጭ ሩዝ፣ በነጭ ሽንኩርት የተቁላላ እንደ ክር የተቆረጠ «ኮውቪ»፣ የተቆላ የካሳቫ ዱቄት «ፋሮፋ»፣ የብርቱካን ቁራጭ ይኖራል። ኮውቪው ከኛ ጎመን የሚለየው እሳት ላይ ሁለት ደቂቃ ብቻ መቆየቱ ነው። አበላሉ ሥርዓት አለው፦ ሩዝ መጀመሪያ፣ ቦሎቄው በላዩ፣ ፋሮፋው መጨረሻ ላይ በትኖ። ፋሮፋውን ለብቻው አፍ ውስጥ መጨመር የጀማሪ ስሕተት ነው፤ በሶ በደረቁ እንደመቃም ነው። ብርቱካኑ ጌጥ አይደለም፣ ቅባቱን ይቆርጣል።

አሳማ የማይበላና ጾመኛ ምን ያድርግ

ለአብዛኛው አማርኛ አንባቢ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ይሁን፣ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ፌይዡአዳ በሳኦ ፓውሎ በልማድ የሚቀርበው ረቡዕና ቅዳሜ ነው፤ በአሳማውም በረቡዑም ለኦርቶዶክስ የተመቸ ቀጠሮ አይደለም።

ትልቁ ወጥመድ «ካርኒ» የሚለው ቃል ነው። እኛ ሥጋ ብለን እንተረጉመዋለን፤ እነሱ ብዙ ጊዜ የሚያስቡት የበሬ ሥጋ ብቻ ነው። «ሴን ካርኒ» ብሎ ያዘዘ ሰው ዶሮ ወይም የአሳማ ቁራጭ ያለበት ሳህን ሊመጣለት ይችላል፣ አስተናጋጁም አልዋሸም። ስለዚህ በስም ጠይቁ፦ «ቴን ፖርኩ?» አሳማ አለው? «ቴን ቤይኮን?» «ኡዛ ባንያ?» የአሳማ ሞራ ትጠቀማላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ወሳኝ ነው፤ ተራው ቦሎቄና ፋሮፋው ብዙ ጊዜ በቤይኮን ወይም በሞራ ይቁላላል። ለጾም «ቴን ኦቩ?» እንቁላል፣ «ቴን ሌይቺ?» ወተት፣ «ቴን ማንቴይጋ?» ቅቤ።

የሚቀረው ትንሽ አይደለም። «ፓስቴው» በዘይት የተጠበሰ ስስ ሊጥ ነው፤ በውስጡ «ፓውሚቱ»፣ የዘንባባ ልብ፣ ያለውን እዘዙና አይብ እንደሌለበት ጠይቁ። ጥጉን ነክሳችሁ እንፋሎቱን አስወጡ፣ አለዚያ ምላስ ያቃጥላል። ሙስሊም አንባቢ ይህን ይወቅ፦ ሊጡ ላይ እንዲንኮሻኮሽ ብለው አንድ ማንኪያ ካሻሳ አረቄ የሚጨምሩ አሉ። «ማንጂዮካ ፍሪታ»፣ የተጠበሰ ካሳቫ፣ ለጾም ይሆናል፣ ዘይቱን ጠይቃችሁ። «ፓውን ጂ ኬይዡ» የአይብ ዳቦ ስለሆነ ለፍስክ ነው፤ ከትኩስነቱ ካለፈ ጎማ ይሆናል፣ ከምድጃ ሲወጣ ካልሆነ አትግዙ። ሸንኮራ ተጨምቆ የሚጠጣው «ካልዱ ጂ ካና» ከፓስቴው ጋር የግድ ነው።

የመንደሯ የራሷ ጣዕም ግን ካምቡሲ ነው። የዚሁ ጫካ ፍሬ ናት፤ አረንጓዴ፣ ወገቧ ላይ ቀለበት ያላት፣ ስሟም በቱፒ የሸክላ ማሰሮ ከሚለው የመጣ። ጥሬዋ እንደ ሎሚ ትኮመጥጣለች። በጭማቂ፣ በማርማላታ፣ በአይስክሬም፣ በካሻሳ ውስጥ ተዘፍዝፋም ትሸጣለች። ጭማቂውን ስኳር ቀንሰው እንዲያቀርቡላችሁ ጠይቁ፤ እንደ ልማዳቸው ከሠሩት ከሽታው በቀር ምንም አይቀርም።

እቤት መሥራት ለሚፈልግ፣ ያለ አሳማ

500 ግራም ጥቁር ቦሎቄ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ዘፍዝፉ፣ ውኃውን ድፉት። 300 ግራም የበሬ ደረት በአንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው አሽታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ፣ ጠዋት እጠቡት። ቦሎቄውን፣ ሥጋውን፣ 400 ግራም የበሬ ጎድንና ሁለት የቤይ ሊፍ ቅጠል በ2 ሊትር ውኃ ጣዱ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በተራ ድስት ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ በፕሬዠር ኩከር ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርትና አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት በዘይት ለብቻ አቁላሉ፣ ሁለት ጭልፋ የበሰለ ቦሎቄ ጨምራችሁ ፍጩት፣ ወደ ድስቱ መልሱ፤ መረቁን የሚያወፍረው ይህ ነው። ጢስ የጠጣ ፓፕሪካ አንድ የሻይ ማንኪያ የቋሊማውን ቦታ ይሸፍናል። ጨው መጨረሻ ላይ ቅመሱና ጨምሩ። ቲማቲም ወይም ሎሚ ቦሎቄው ሳይለሰልስ ከገባ ቦሎቄው በቀላሉ አይበስልም፤ ብዙ ሰው «ቦሎቄው መጥፎ ነው» የሚለው ይህን አድርጎ ነው።

መመለሻ

በብራዚል 15:30 ላይ እግራችሁን ወደ ላይኛው ሠፈር አዙሩ፤ ድልድዩና አቀበቱ ከተጠበቀው በላይ ይወስዳል፣ በጭጋግ ደግሞ ማማው ከ20 ሜትር አይታይም። ማደር የፈለገ ሰው በአሮጌዎቹ ቤቶች ውስጥ ማረፊያ ያገኛል፤ ከመያዙ በፊት ማሞቂያ መኖሩን ይጠይቅ፣ ፍራሹንም በእጁ ይዳስስ፣ ጣውላ ቤት እርጥበት ይጠጣል። ካምቡሲ ካሻሳ የገዛ ሰው ጠርሙሱን በልብስ ጠቅልሎ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ይላክ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ ሻንጣ አያልፍም። የቢጫ ወባ ካርዱ ግን ሻንጣው ውስጥ እንዳይገባ፤ ከብራዚል የሚገባ መንገደኛ ቦሌ ላይ ይጠየቀዋል።